ሳላስፈቅድ ያስቀየርኳት የመብራት ጉሮሮ

ወንድሜ መሪጌታ ፈንታ በሰቆጣ ሰው ሁሉ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዓይናቸው ያዩትን እንዳላዩ ሆነው የቆሙበትን ቀን ልነግራችሁ ነው። ነገሩ የተነሣው ከአንዲት የመብራት ጉሮሮ ነው። አምፖል የሚጠመዘዝባትን፣ ከጣሪያ በሽቦ የምትንጠለጠለውን ዕቃ እኛ ያኔ «ጉሮሮ» ነበር የምንላት። እሷን ያለ ፈቃድ አስቀየርሽ ተብዬ ሜዳ ላይ ተፈረደብኝ። የልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ «አያቴ፣ ሰው በገዛ ቤቱ አምፖል ማንጠልጠያ ስለቀየረ ይከሰሳል?» ይሉኛል። እናንተም ብትስቁ አልቀየማችሁም፤ ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ያኔ ሠላሳዎቹን አጋምሼ ነበር። የቄስ ልጅ ነኝ። አባታችን ወንድሜን ዜማም ቅኔም አስተማሯቸው፤ እኔን ፊደል አስቆጥረው ዳዊት እስክጀምር ከታገሡ በኋላ «ለሴት ይበቃል» ብለው ወደ ጓዳ መለሱኝ። ባሌ ቀድሞኝ ሲሞት አንዲት የቆርቆሮ ቤት ትቶልኝ ነበር፤ ልጆቼ ባላገር ከእናቱ ዘንድ ያድጉ ነበር። ከሰሃላና ከኒሯቅ በኩል በቅል የሚመጣውን ማር እገዛለሁ፤ ማሩን ለጠጅ ጣዮች እሸጥና ሰሙን አንጥሬ፣ ፈትል እየነከርኩ ጧፍ እሠራለሁ። የሰቆጣና የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ጧፍ የሚወስዱት ከእኔ ነበር።

የጧፍ ንግድ እንደሌላው ንግድ አይደለም። ሰም ውስጥ ሞራ የሚቀላቅል ሰው አለ። ሞራ የገባበት ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም፤ ከተቀባ በኋላ ግን በዓይን አይለይም። ስለዚህ የሚገዛው ሰው የሚገዛው ጧፉን ሳይሆን የሻጯን ቃል ነው። «ይርገዱ ንጹሕ ነው ካለች ንጹሕ ነው» ይባል ነበር። እንጀራዬ ይህች ቃል ብቻ ነበረች፤ እርሻ የለኝ፣ ከብት የለኝ።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ትልቁ ድርቅ ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ የከተማው ባለጸጎች አዋጥተው አንድ የናፍጣ ሞተር አስመጡና የመብራት ማኅበር አቆሙ። ሰብሳቢው አንድ ባላምባራስ ነበሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተሩ ዱግ ዱግ ማለት ይጀምራል፤ ሰው ራት በልቶ እስኪተኛ ያበራል። እኔም ማታ ማታ ፈትል ስነክር ኩራዝ ሰሙን እንዳያቀጣጥልብኝ ብዬ አንድ አምፖል አስገባሁ። ጎረቤቴ እማማ ደስታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሬ ላይ ቆመው ጮኹ።

«ኑ እዩልኝ! ጧፍ ሻጯ መብራት አስገባች! ነገ ደግሞ ድመቷ ለአይጥ ቤት ትሠራለች!»

ማኅበሩ ሕግ ነበረው። ጉሮሮ የተቃጠለበት፣ ማብሪያ የተሰበረበት ሰው ራሱ አይነካም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ቆሞ ያመለክታል፤ ዋስ ይጠራል፤ ባላምባራስ «ፈቅደናል» ብለው ማኅተማቸውን ሲያሳርፉለት ሠራተኛው ይመጣለታል። እስከዚያ በጨለማ ይቀመጣል። ያለ ፈቃድ የነካ መብራቱ ይቆረጣል፤ በእሱ ምክንያት ሞተሩ ከተጎዳ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል። አውጫጭኝ ማለት ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲሰወር አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ የሚሰበሰብበት፣ ጥፋተኛው እስኪገኝ ማንም ወደ ሥራው የማይሄድበት ሸንጎ ነው። እውነቱን ልናገርና ሕጉን ወድጄው ነበር። ባለጸጋውም እንደኔ ያለችው ባሏ የሞተባትም እኩል ቆመው ያመለክታሉ። እኩል ነገር ይጥመኛል።

የማኅበሩ የመብራት ሠራተኛ ሞገስ ይባላል። ከሩቅ አገር የመጣ ወጣት ነው፤ የአገሩን ቋንቋ ኽምጣኛን አያውቅም፣ በከተማው አንድ ዘመድ የለውም። እንደመጣ ንዳድ ጣለውና ደጄ ላይ ወደቀ። አስገብቼ፣ አጥሚት እያጠጣሁ አስታመምኩት። ሲድን እግሬ ላይ ተደፋ።

«እናት ይሁኑኝ። በዚህ አገር ብሞት የሚያለቅስልኝ የለም» አለኝ።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልመና ቀላል አይደለም። የጡት ልጅ ማለት ከወለዱት አያንስም። ወንድሜ መሪጌታ ፈንታ ባሉበት፣ በግ ታርዶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አውራ ጣቴን ማር ነክሬ አጠባሁት። መሪጌታም ተነሥተው «ከዛሬ ጀምሮ ልጅሽ ነው፤ እናትህ ናት። የካደ ይካድ» ብለው ገዘቱ። ለማኅበሩም የሞገስ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ።

ሐምሌ ላይ ነው። ዝናቡ በምስማር ቀዳዳ ገብቶ በሽቦው ላይ ይወርድ ኖሯል፤ አንድ ማታ ጉሮሮዋ ቸር ቸር ብላ ብልጭታ ተፋችና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። በማግስቱ ሞገስ ሊጠይቀኝ ሲመጣ መሪጌታም እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር።

«እሑድ ቆሜ አመለክታለሁ» አልኩት።

ሞገስ ፊቱ ተለወጠ። «ለማን ነው የሚያመለክቱት?»

«ለማኅበሩ ነዋ። ሕግ አይደል?»

«ማኅበሩ ማንን ይልካል?»

«አንተን።»

«እንግዲህ ሕጉ እኔን ለማምጣት ነው፤ እኔ ደግሞ መጥቻለሁ» አለና ሳቀ። ቀጥሎ ግን አቀረቀረ። «እናቴ፣ ለገዛ ልጅዎ እጅ ዋስ ሊጠሩ ነው? ሰው ምን ይለኛል? 'እናቱ አታምነውም' አይሉኝም?»

ወንድሜን አየኋቸው። «አያ ፈንታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

እጃቸውን እሳቱ ላይ እያሻሹ «ነውር ነው ይርጌ» አሉ። «ልጅን በዋስ ማስገባት ነውር ነው። አባታችን በሕይወት ቢኖሩ ያዝኑብሽ ነበር።»

የሌላ አገር ሰው ይህ ላይገባው ይችላል። እኛ ግን እንዲህ ነበርን፤ ለልጅ ፈቃድ መጠየቅ ልጅነቱን መካድ ነው። እሺ አልኩ። ሞገስ በርጩማ ላይ ወጣ፤ መሪጌታ የሞገስን የእጅ ባትሪ ከፍ አድርገው አበሩለት፤ አሮጌዋን ጉሮሮ ፈትቶ ከኪሱ ሌላ አውጥቶ ገጠመ። ሲጨርስ የተቃጠለችውን ከበር ጀርባ በተሰቀለ ባዶ የማር ቅል ውስጥ ከተታት።

«ለምን ትደብቃታለህ?» አልኩት።

«መለዋወጫ ትሆነኛለች። እዚህ ትቀመጥልኝ» አለ።

ያን ሰሞን አንድ ትልቅ ሹም ከተማውን ሊጎበኙ መጡ። ባላምባራስ ቤታቸው ግብዣ ደገሱ፤ በአጥሩ ዙሪያ አምፖል ደረደሩ። እንግዳው ገና እጃቸውን ሲታጠቡ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓራና ጸጥ አለ። ከተማው ሁሉ ጨለመ። እንግዳው በዳበሳ እጃቸውን ከሌላ ሰው ጉርሻ ላይ አሳረፉ እየተባለ ሰቆጣ ስትስቅ ሰነበተች። ባላምባራስ ግን አልሳቁም። ሞተሩ ተቃጥሏል። ሞገስን ሲጠይቁት «አንድ ሰው ያለ ፈቃድ ሽቦ ነክቷል» አላቸው። አውጫጭኝ ተለፈፈ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። መብራት ያለውም የሌለውም፣ ነጋዴውም ሸማኔውም። ዝናቡ ለዚያ ቀን ብሎ እንደቀረ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው ሁሉ ሥራውን ፈትቶ፣ ነጠላውን አናቱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ወይራ ሥር ሆነው አንድ በአንድ ይጠራሉ። የተጠራው ምሎ ያየውንና የሰማውን ይናገራል። በይፋ መናገር የፈራ ደግሞ ለብቻው ጆሮ ላይ ያንሾካሽካል፤ የእንዲህ ያለው ሰው ስሙ አይነሣም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚባለው።

እማማ ደስታ ተጠሩ።

«እኔ ኩራዜን እንኳ ሰው ነው የሚለኩስልኝ። ምን ልናገር ነው?»

«ያዩትንና የሰሙትን ነዋ፣ እማማ።»

«የሰማሁትማ ባላምባራስ ሲያንኮራፉ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ሰማይ ተመለከቱ። እኔም ስቄያለሁ። ምን አስፈራኝ? የእኔን ጉሮሮ የቀየረው የማኅበሩ የገዛ ሠራተኛ ነው። ተራዬ ሲደርስ ይህንኑ እናገራለሁ ብዬ ነበር።

ወደ ከሰዓት ሞገስ ውሃ በቅምጫና ይዞልኝ መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እናቴ፣ የቤትዎን ነገር እርስዎ አያንሡት። እኔው ቀድሜ ለሽማግሌዎቹ እነግራለሁ» አለኝ በቀስታ።

«እኔ ብናገረው ምን ይላል?»

«ወንድ ልጅ እያለዎት ምን አደባባይ አስቆመዎት?»

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ሆዴ ሞቀ። ውሃውን ጠጥቼ መረቅኩት። ጥቂት ቆይቶ ወደ ወይራው ሄዶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ራስ ለራስ ገጥሞ ሲያወራ አየሁት። ልጄ ነገሬን ሊያነሣልኝ ነው አልኩ። እኔ ሳልጠራ መሸ፤ ነገ ማልዶ እንዲመለስ ሁሉም ምሎ ተበተነ።

በማግስቱ የሽማግሌዎቹ አውራ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ወፍ ነግራናለች» አሉ። «ከዚህ ሕዝብ መካከል አንዲት ሴት በስውር፣ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ፣ የመብራት ጉሮሮ አስቀይራለች። አሮጌዋ ጉሮሮ ከበሯ ጀርባ በተሰቀለ ቅል ውስጥ አለች።»

ያቺን ቅል የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብቻ ነን። እኔ አልነገርኩም። አያ ፈንታ እስከዚያ ሰዓት ወደ ወይራው አልቀረቡም። የቀረው አንድ ነው። ሞገስን በዓይኔ ፈለግሁት፤ ከባላምባራስ ወንበር ጀርባ ቆሟል፤ አያየኝም።

ዘበኞች ሄደው ቅሌን አመጡ። አውራው ሲያናውጡት ተንኳኳ። ገልብጠው ማር የተለቀለቀችውን ጉሮሮ ለሰው አሳዩ።

ተነሣሁ። «ሴቲቱ እኔ ነኝ። ስውር ነገር ግን የለም። የቀየረልኝ የማኅበሩ ሠራተኛ፣ የጡት ልጄ ሞገስ ነው። ቅሉ ውስጥ የከተተውም እሱ ነው።»

ሜዳው ተንጫጫ። ሞገስ ወደፊት ወጣ። ትናንት «እናቴ» ያለኝ አፍ ነው፤ ስሙት።

«ወይዘሮ ይርገዱ ተሳስተዋል። እኔ ያለ ባላምባራስ ማኅተም ሽቦ አልነካም። ፈቃድ ካላቸው ያሳዩ።»

«ፈቃድ ልጠይቅ ስል 'ለልጅሽ ዋስ ትጠሪያለሽ ወይ' ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ የእርስዎ ልጅ አይደለሁም።»

«ማር ያጠባሁህ እኔ አይደለሁም?»

ዘወር ብሎ ወደ ሕዝቡ ፈገግ አለ። «ማር ያላሰኝ ሁሉ እናቴ ከሆነማ የሰሃላ ንብ ሁሉ አክስቴ ናት!»

ሰው ሳቀ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያንን ሳቅ ግን እስካሁን እሰማዋለሁ። ትናንት በእማማ ደስታ የሳቀው አፍ ነው ዛሬ በእኔ የሳቀው።

አውራው እጃቸውን አነሡ። «ምስክር አለሽ?»

«አለኝ። ሳጠባውም የነበሩ፣ ሲቀየርም የነበሩ። መሪጌታ ፈንታ።»

ሳቁ ተቋረጠ። መሪጌታ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው አንድ ቃል ቢናገሩ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው መጡ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉና፣ ቋንቋውን የማያውቁት ሞገስና ባላምባራስ እንዳይገባቸው፣ በእናታችን ቋንቋ በኽምጣኛ አንሾካሾኩብኝ።

«ዝም ብለሽ ተቀበይው ይርጌ። አንቺ ሴት ነሽ፤ ነገ ይረሳልሻል። ባላምባራስ ለመስቀል በዓል ለደብራችን መብራት ሊያስገቡልን ቃል ገብተዋል። ሠራተኛቸውን ካዋረድኩባቸው ይቀራል። ማኅሌቱ በጨለማ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ?»

ከሞገስ ክህደት ይልቅ ይህ ቃል ወጋኝ። ሞገስ ባዳ ነው። እሳቸው ግን እኔን የወለደች ማሕፀን የወለደቻቸው ናቸው። የእናታችንን ቋንቋም ለእኔ ያወጡት ዝም ለማሰኘት ነው።

ጮክ አልኩ። «በአማርኛ ይናገሩት አያ ፈንታ! ሁሉም ይስማ!»

አንገታቸውን ደፉ። አውራው ጠየቋቸው።

«መሪጌታ፣ በዚህ ነገር የሚያውቁት ምንድን ነው?»

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። በመብራት ነገር ምን አስገባኝ?»

«ሞገስ ጉሮሮውን ሲቀይር አይተዋል ወይስ አላዩም?»

«ሁሉን የሚያይ እግዚአብሔር ነው» አለ።

አለ ነው የምለው። እስከዚህ ድረስ አንቱ እያልኩ የጻፍኩት ያኔ አንቱ እለው ስለነበር ነው። ከዚያች ቃል ወዲህ ግን ወንድሜን አንተ ነው የምለው።

አውራው ግራ ገባቸው። አስተዋይ ሰው ነበሩ፤ አንድ ነገር እንደጠረጠሩ ያስታውቃሉ። ግን ምስክር የለም። «እንግዲህ በመሐላ ይለቅ» አሉ። «ሞገስ ይምላል። ይርገዱ፣ መሐላውን ትቀበያለሽ?»

«እቀበላለሁ» አልኩ። «ነገር ግን በወንድሜ መቋሚያ ላይ እጁን ጭኖ ይማል። መቋሚያውን የሚያቀርብለት ወንድሜ ይሁን።»

ይህን ያልኩት አስቤበት ነው። ሞገስ ሊምል እንደሚችል አውቄያለሁ፤ ማር የካደ ምን ይፈራል? ወንድሜ ግን፣ ሁዳዴን ሙሉ እስከ ማታ ውሃ የማይቀምሰው ወንድሜ፣ ለሐሰት መሐላ መቋሚያውን አያቀርብም አልኩ። እጁን ይስባል አልኩ። ሲስብ ሁሉም ይገባዋል፤ መናገር እንኳ አያስፈልገውም።

ወንድሜ መቋሚያውን አየው። እኔን አየኝ። አፉ ትንሽ ተከፈተ። እኔም በልቤ «በል፣ በል፣ ወንድምዬ» አልኩ። ከሩቅ አህያ ጮኸ። ከዚያ ክንዱን ዘረጋና መቋሚያውን ለሞገስ አቀረበለት።

ሞገስ እጁን ጭኖ ማለ። ልጄ እንዳልሆነ ማለ፤ ቤቴ ገብቶ ሽቦ እንዳልነካ ማለ። ወንድሜ መቋሚያውን እስከ መጨረሻው ያዘለት።

ፍርዱ አጭር ነበር። መብራቴ ይቆረጥ ተባለ፤ ለሞተሩ ጥፋት ደግሞ ድንጋይ ተሸክሜ ባላምባራስ እግር ሥር ብወድቅ ምሕረት ይደረግልኛል። ዘበኛው ድንጋዩን መርጦ ይዞልኝ መጣ። እማማ ደስታ ከኋላዬ ነጠላዬን ጎተቱኝ።

«ውደቂላቸው ልጄ፣ ምናለበት? ድንጋዩ ከአንገትሽ ላይ አይበቅል።»

«ድንጋይ የሚሸከም ያጠፋ ነው፣ እማማ» አልኩና ባላምባራስን ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። «ዛሬ ካቀፍኩት ጧፌ ውስጥ ሞራ አለ ብዬ እንደማመን ነው። አላቅፍም።»

ምሕረቱም ቀረብኝ፤ የፈራሁትም ደረሰ። «ሐሰተኛ» የተባለች ሴት ሰሟ እንዴት ይታመናል? ከሁሉ ቀድሞ ጧፌን የመለሰው የወንድሜ ደብር ነው። ሌሎቹም ተከተሉ። እኔም ከዚያ በኋላ ጧፌን በአህያ ጭኜ ወሬው ወዳልደረሰበት ወደ ደሃና ገጠር ወጣሁ። ዳገቱን ወጥቼ፣ እንደ አዲስ ሰው «እኔ ይርገዱ ነኝ፤ ሰሜ ንጹሕ ነው» እያልኩ ደጀ ሰላሙን ሁሉ አንኳኳሁ። አንዱ ቢያምነኝ ሌላው ያሸተዋል፣ በጥርሱ ይነክሰዋል፣ እሳት ላይ ጣል አድርጎ ጭሱን ይመረምራል። ስሜን መልሼ እስካቆም ጉልበቴ አለቀ።

ክረምቱ ሲወጣ ሞተሩን የሚያይ ባለሙያ ከሩቅ መጣ። ከፍቶ አየና «ይህ ሞተር ያለ ዘይት ሲሠራ ከርሟል፤ ዘይት የሚጨምርለት ሰው አልነበራችሁም?» አለ። ዘይት መጨመር የሞገስ ሥራ ነበር። ወሬው በከተማው ዞረ፤ እኔም ሰማሁት። ግን ለዚህኛው ነገር አውጫጭኝ አልተጠራም። ወፏንም ማንም ጠርቶ አልጠየቃት።

ሞገስን ምን አገኘው ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። መብረቅ አልመታውም። ትልቅ ከተማ ሄዶ ሹመት አገኘ፣ አግብቶ ወለደ ብለው አወሩልኝ። ደብሩም መብራት አልገባለትም፤ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሠርቶ አንድ ወር የሚተኛ ሆነ። ማኅሌቱ እንደ ጥንቱ በጧፍ ቀጠለ፤ የሌላ ሰው ጧፍ።

አብዮቱ ሊፈነዳ ዓመት ሲቀረው ወንድሜ ታመመና ላከብኝ። ሄድኩ። መደቡ ላይ ተኝቷል፤ ከአጥንት በቀር የቀረው ነገር አልነበረም።

«ይቅር በይኝ፣ ይርጌ» አለኝ።

«ምን አድርገህ?»

«ታውቂዋለሽ።»

«አንተ ተናገረው።»

ጋቢውን እስከ ደረቱ ሳበ። በኋላ «ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም እኮ» አለኝ።

«እንግዲያው ይቅርታህንም ዝም ብለህ ውሰደው» አልኩት። ግን ወንድሜ ነው፣ ከአንድ ትሪ የበላን። እግሩን ይዤ እያሸሁ «ስማኝ፣ አያ ፈንታ» አልኩት። «የበደልከኝ ሜዳ ላይ፣ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም እዚያው ጠይቀኝ። አንድ ቃል ናት፤ 'አይቻለሁ' በል። ያኔ ሁሉን እተውልሃለሁ።»

«መቆም አልችልም።»

«በቃሬዛ ያወጡሃል።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

በእኛ አገር አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በመንገዱ ላይ እያረፈ ፍትሐት ይደረስለታል። ካህናቱ ያን ሜዳ ሲደርሱ አሳረፉት። ማንም አስቦበት አይደለም፤ መንገዱ በዚያ ነው። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ሲያልቅ ነጠላዬን አደግድጌ ከአልቃሾቹ መካከል ወጣሁና ከአስከሬኑ ራስጌ ቆምኩ።

«እናንት ሰዎች» አልኩ፤ «መሪጌታ ፈንታ እዚህ ሜዳ ላይ ተጠይቆ ሳይመልስ የቀረው አንድ ጥያቄ አለ። ከነጥያቄው አይቀበር። እኔ እኅቱ ልመልስለት። አይቷል። ባትሪውን ይዞ ያበራው እሱ ነው። ሞገስም የጡት ልጄ ነበር፤ የገዘተውም እሱ ነው። አሁን ቀሎታል፤ አንሡት።»

አንዱ ቄስ «በአስከሬን ፊት!» ብለው ተቆጡ። ተሸካሚዎቹ ተያዩና አነሡት። እኔም ከኋላ ተከትዬ፣ ደረቴን እየደቃሁ፣ ለወንድም የሚለቀሰውን ልቅሶ ሁሉ አለቀስኩለት። ውሸት አልነበረም፤ ከልቤ ነው።

አንባቢዎቼ፣ ያ ነገር ምን ለወጠብኝ ብትሉኝ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከወለድኩትም ልጅ ጋር ቢሆን ውል ስይዝ ሰው አስቀምጣለሁ፤ ልጆቼ መጀመሪያ ተቀየሙ፣ ኋላ ለመዱት። ልጅን በዋስ ማስገባት ነውር ነው ሲሉኝ ነውሩስ ያለው ዋስ በጠፋበት ቀን ነው እላቸዋለሁ። የጡት ልጅም ዳግመኛ አልያዝኩም። ሞገስን ግን ብዙ አላስበውም። በሕይወቴ የዋሸኝ ሰው እሱ ብቻ አይደለም፤ ውሸታም ሲመጣ ከሩቁ ይለያል፣ በሩን ትዘጉበታላችሁ። የከበደኝ ደጉ ሰው ነው፤ ጾመኛው፣ ዓይኑ እያየ እጁን የሚዘረጋው። የነፍስ አባቴ «ወንድምሽን ይቅር አልሽው?» እያሉ በየዓመቱ ይጠይቁኛል። «መልሱን ሜዳ ላይ ሰጥቼለታለሁ፤ ይቅርታውን ግን ሳይጠይቅ ሞተ» እላቸዋለሁ። ይገሥጹኛል። እኔም እሰማለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

አሁንም ቢሆን «ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም» የሚል ሰው ቤቴ ሲመጣ ቆሞ ይናገር እንጂ መቀመጫ አልሰጠውም።